እስከ ቅዳሜ

ሰዓዳ ከጅማ ልትለቅ አምስት ቀን ሲቀራት
በቅርጫት ይዛት መጣች፤ ጆሮዋ ብቻ ብቅ ያለ።
«ጋሽ ተማም፣ እርስዎ ብቻዎን ነዎት፤
እሷ ደግሞ ብቻዋን መሆን አይሆንላትም።
አንድ ሌሊት ትደርልዎትና እስከ ቅዳሜ ያስቡበት» አለችኝ።

እኔ ድመት ስል የማውቀው የቡና መጋዘኑን ጉልቤ ነው፣
ጆሮው የተተለተለ፣ ሂርማታ ጣሪያ ላይ የሚያድር፣
ማንም ሳያበላው የሚሰባ፣ ማንም ሳይጠራው የሚመጣ።
ይህችኛዋ ጠጉሯ አጭር፣ እንደ ጠቦት ቆዳ ሞገድ ሞገድ ያለ፣
ጢሟ እንኳ እሳት እንደነካው ክር የተጠቀለለ።
የሐያት እናት በአጥር አየቻትና
«ቋቁቻ ይሆን እንዴ?» ብላ ልጇን ወደ ኋላ ሳበች።
«ዘሯ ነው» አልኳት።
«የማን ዘር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያን ሌሊት አሰብኩ። ሰኔ ነው፤
ሰማዩ ከጂረን እስከ አዌቱ ተቀዷል።
እኔ ሁለት ጋቢ ደርቤ የምንቀጠቀጥ፣
ይቺ እፍኝ የማትሞላ፣ በዚያች ስስ ልብሷ፣ እንዴት ትከርማለች?
ኮርኒሱ ውስጥ አይጥ ይሮጣል፤
ከግድግዳው ማዶ ለአይጡ «መድኃኒት» ይቀመጣል፤
መድኃኒት ይሉታል መርዙን!
መርዙ አይጥን ከድመት አይለይ፣
እሷም የተመረዘውን አይጥ ከጤነኛው አትለይ።

ጠዋት እርሻ ኮሌጅ፣ ነጂብ ዘንድ፣ በባጃጅ ወሰድኳት።
ሾፌሩ መንገዱን ትቶ እሷን በመስታወት ያያል፤
«ስንት ያወጣሉ እነዚህ?» ይላል። ይህንንም ልብ አልኩ።
ነጂብ በሬና በቅሎ የለመደ እጁን ታጥቦ
በሁለት ጣቱ ነካት። «ይህን ዘር በመጽሐፍ ነው የማውቀው» አለ፤
«ወላጆቿ ይታወቃሉ? ልባቸውስ ደህና ነበር?
የእብድ ውሻ ክትባቷስ? መምከኗስ? ወረቀቱ የት አለ?
ያለዚያ ወልዳ ተዋልዳ» ብሎ ሳቀ፣
«የጅማን ድመት ሁሉ ጠጉር ትተኩሰዋለች።»
ከዚያ ሳቁን ትቶ፦
«አደን አታውቅም። በኪሎ ሥጋ ነው የምትኖረው።
ደህና ከያዟት አሥራ አምስት ዓመት ትቆያለች።»

አሥራ አምስት። ስልሳ ስድስት ላይ ደምሬ አየሁት።
ጡረታዬን ለሥጋ ዋጋ አካፍዬ አየሁት።
ሁለቱም ሒሳብ አልወደደኝም፤ ለሰዓዳ መለስኳት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ቆሜያለሁ።
ተቀባዩ የሞተ፣ ተቀባዩ የለቀቀ፣ ተቀባዩ «አልፈልግም» ያለ፣
ስንቱን ጥቅል «ለላኪ ይመለስ» ብዬ ማኅተም መታሁበት።
ነፍስ ያለው ጥቅል ግን ምኑ ላይ ይታተማል?
ላኪዋ ባሕር ከተሻገረች በኋላ
«ከብዳኛለች» ብዬ የትኛው መስኮት ላይ እሰለፋለሁ?

አንድ የዘለልኩት አለ፦ ያን ሌሊት ከሁለተኛው ጋቢ ሥር ገብታ ነበር።
ይበርዳታል ያልኳት የከሰል ፍም ሆና፣
መንቀጥቀጤን መቼ እንደተውኩ አላውቅም።
ይህን ለነጂብ አልነገርኩትም፤ ሒሳብ ያዛባል።

ሐሙስ የኮርኒሱን ሽንቁር በቆርቆሮ ደፈንኩ።
(ይህ «እሺ» ማለት አይደለም፤ ሽንቁሩ የቆየ ነው።)
ዓርብ የሐያትን እናት መርዙን እንድታነሳ ለመንኩ፤
ማታ ሐያትን በአጥሩ ጠራኋት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።
«እኔ ብሞት፣ ወይም ጉልበቴ ቢከዳኝ፣ ትወስጃታለሽ?
ለአንድ ክረምት ማለቴ አይደለም።»
እንደ ትልቅ ሰው አጥሩን ተደግፋ አሰበች።
«ስሟ ማነው?»
«ዘቢብ።»
«አክስቴ ዘቢባ ናት፤ ትቆጣለች። መቀየር እችላለሁ?»
«አትችይም፤ የምትሰማው በሱ ብቻ ነው።»
«ሥጋ የሚጠፋ ቀንስ?»
«እሱን ነው እኔም የማስበው።»

ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ሐያት ሻርፗን ወደ ግንባሯ ስባ
«እስከ ቅዳሜ ላስብበት» አለችኝና ሮጠች።
«ቅዳሜ ነገ ነው!» ብዬ ጮህኩ፣
ለሷ ይሁን ለራሴ ሳላውቅ፣
በአጥሩ ላይ ውሃ እየወረደ።